ማይንክራፍት ላይ ካልነኳቸው የማይነኩ ፍጥረታት፦ ምን ያስቆጣቸዋል?

ሰላም ወንድሜ። ስለ ማይንክራፍት ጌም «ዝም ብለው የሚያልፉኝ፣ አንዱን ስመታ ግን ተጠራርተው የሚመጡብኝ የትኞቹ ናቸው? ያ ረጅም ጥቁሩስ ምንም ሳላደርገው ለምን ያጠቃኛል?» ብለህ ጠይቀሃል። እዚህ ጅማ ስልክ ላይ ጌሙን የሚጀምሩ ልጆችም ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ከጥቁሩ ልጀምር። ስሙ ኢንደርማን ነው። ምንም አላደረግኩትም ብለሃል፤ ግን አይተኸዋል። ለእሱ ፊቱን ማየት ማለት መምታት ማለት ነው። የስክሪንህ መሀል ጭንቅላቱ ላይ ካረፈ፣ 64 ብሎክ ርቀት ላይ ቢሆንም እንኳ ይቆጣል (ብሎክ የጌሙ ዓለም የተሠራበት አንድ ኩብ ነው)። አፉን ይከፍታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የሚሰቀጥጥ ድምፅ ያሰማል። ከዚያ እዚያ ቆሞ ያየኸው ድንገት ከጀርባህ ይገኛል። ሜዳ ላይ ሲመሽ ከሆንክ መሬት መሬቱን እያየህ ሂድ። ማየት የግድ ከሆነም እግሩን እንጂ ፊቱን አትይ።

ከተቆጣ በኋላስ? ሁለት ነገር ያድንሃል። አንደኛው ውሃ ነው። ውሃ ስለሚጎዳው ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ ከገባህ አይከተልህም። ዝናብም አይወድም። ሁለተኛው ዝቅ ያለ ጣሪያ ነው። ቁመቱ ወደ ሦስት ብሎክ ስለሚጠጋ፣ ከፍታው ሁለት ብሎክ ብቻ የሆነ ጣሪያ ስር ከቆምክ መግባት አይችልም። አንተ ግን ከውስጥ ሆነህ እግሩን መምታት ትችላለህ። በቀስት አትሞክረው፣ ፍላጻው ሳይደርስበት ይሰወራል። የሱ ጤና 40 ነው፣ ያንተ 20 (ማለትም አሥር ልብ)፤ ስለዚህ ገና ጀማሪ ሆነህ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት አትግጠመው። ሌላ ዘዴ ደግሞ አለ፦ ዱባ በመቀስ ቀርጸህ ጭንቅላትህ ላይ አጥልቅ። ያኔ እንደፈለግክ ብታየውም አይቆጣም። እይታህን ይጋርድብሃል እንጂ በጣም ይሠራል።

አሁን ወደ ንቦቹ። እኔ በበኩሌ ከሁሉም የምወዳቸው እነሱን ነው። ወደ ጌሙ የገቡት በኅዳር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው የኮምፒውተሩ 1.15 ቨርዥን ነው። አንዷን ከመታህ ወይም ቀፏቸውን ከሰበርክ በአካባቢው ያሉት ሁሉ ይመጡብሃል። የነደፈችህ ንብ መርዟን ትተውብህና ትንሽ ቆይታ ትሞታለች። መርዙ ብቻውን አይገድልህም፤ ቢከፋ ጤናህን ጨርሶ ግማሽ ልብ ላይ ይተውሃል። ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር ቢነካህ አለቀልህ።

ማሩን ያለ ጠብ መውሰድ ግን ይቻላል። ዘዴውን የኛ አገር ሰው ያውቀዋል። በጅማ ዙሪያ ባለው የቡና ጫካ ንብ የሚያንቡ ሰዎች ረጅም ዛፍ ላይ የሰቀሉትን ቀፎ ሲቆርጡ ጭስ ይዘው ነው የሚወጡት፤ ጊዜውም ሲመሽ ነው። ጌሙ ውስጥም ልክ እንደዚያው ነው። ሦስት ስቲክ (ቀጭን እንጨት)፣ ሦስት ግንድ እና አንድ ከሰል ካለህ የካምፕ እሳት ትሠራለህ። እሳቱን ከቀፎው ስር አድርገው፤ ከአምስት ብሎክ በላይ ግን አታርቀው። ጭሱ እንዳይታገድ በመሀል ጠጣር ብሎክ አይኑር። በጣም አታስጠጋው፣ ንቦቹ እንዳይቃጠሉ። ቀፎው ሲሞላ ማሩ ሲንጠባጠብ ታየዋለህ። ያኔ በጠርሙስ ማሩን ትቀዳለህ፣ ወይም በመቀስ ሦስት ሰፈፍ ትቆርጣለህ። ማሩን ብትጠጣው የንብ መርዝ ራሱ ይሽርልሃል። ንቦቹም ማታና ዝናብ ሲሆን ቀፏቸው ውስጥ ይገባሉ፤ ለሥራህ ምቹው ሰዓት ያ ነው።

«ተጠራርተው የሚመጡብኝ» ያልከው ኔዘር (በበር የሚገባበት እሳታማው ዓለም) ውስጥ ከሆነ፣ ያገኙህ ዞምቢፋይድ ፒግሊኖች፣ ማለትም ዞምቢ የሆኑ አሳማ መሰል ፍጥረታት ናቸው። የወርቅ መሣሪያ ይዘው ቀስ እያሉ ይዘዋወራሉ። አጠገባቸው ብታልፍ ደንታም የላቸውም። አንዱን ከነካህ ግን ያየም የሰማም ይመጣል። ጋስት (እሳት የሚተፋው በራሪ ፍጥረት) ላይ የተኮስከው ፍላጻ ስቶ አንዱን ቢያገኘውም እንደ ጥቃት ይቆጠርብሃል፤ «አላሰብኩትም» ብሎ ነገር የለም። እነሱ ባሉበት ስልኩን ስትነካካ ጣትህን ጠብቅ። ከጀመረህ አንድ ብሎክ ስፋት ያለው ቀዳዳ ፈልግና ግባ፤ እንዳይከቡህና አንድ በአንድ እንዲመጡ። ያ ካልተቻለ ሩጥ።

ከነሱ ጋር ሊምታቱብህ የማይገባቸው ደግሞ ዞምቢ ያልሆኑት ፒግሊኖች ናቸው። እነዚያ ቢያንስ አንድ የወርቅ ልብስ ካልለበስክ ገና ሲያዩህ ይመጣሉ። ከለበስክ ይተዉሃል። ይሁንና ዓይናቸው እያየ ሳጥን ከከፈትክ ወይም ወርቅ ከቆፈርክ ልብሱ አያድንህም። ዞምቢፋይዶቹ ግን ወርቅ ለበስክ አልለበስክ ግድ የላቸውም።

መንደር ውስጥ ያለው አይረን ጎለም (የብረት ዘበኛ) እሱን ባትነካውም ቪሌጀር፣ ማለትም የመንደሩን ነዋሪ ስትመታ ይቆጣል። ቪሌጀሩን ነክተህ ጎለሙ ሲመጣብህ «እሱን መቼ ነካሁት» አትበል፤ ሥራው መንደሩን መጠበቅ ነው። ጤናው 100 ነው፤ ሽሽ ብቻ።

ተኩላን ከመታህ መንጋው ይመጣል፤ ዓይናቸው ሲቀላ ታውቃለህ። ግን ለምን ትመታዋለህ? ስኬሌተን የሚጥለውን አጥንት ስጠው፣ ውሻ ሆኖ ይከተልሃል። የዋልታ ድብ ግልገል ካለበት አትጠጋ። ዶልፊንም አትምታ፣ እነሱም ተጠራርተው ይመጣሉ። ላማ መልሶ ይተፋብሃል፣ ብዙም አይጎዳም። ሸረሪት በቀን ብርሃን ካልነካኸው ዝም ይላል፤ ዋሻ ውስጥ ወይም ማታ ግን ጠላት ነው፣ አትመነው።

በመጨረሻ «ፒስፉል (ጠላት የሌለበት የጌሙ ደረጃ) ላድርገው ወይ?» ብለሃል። መንደር መገንባት ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣ አድርገው፣ ምንም ነውር የለውም። ነገር ግን ፒስፉል ላይ ኢንደርማን አይመጣም። እሱ ከሌለ ደግሞ ዘንዶው ወዳለበት ወደ ኢንድ (የጌሙ የመጨረሻ ዓለም) የሚያስገባህን «የኢንደር ዓይን» የሚባል ዕቃ ለመሥራት የሚያስፈልገው፣ ኢንደርማን ሲሞት የሚጥለው ፐርል ይቸግርሃል። እኔ ብሆን ኢዚ (ቀላሉ ደረጃ) ላይ አደርገዋለሁ። እዚያ ንቦቹ ቢነድፉህም መርዝ የላቸውም፤ የሌሎቹም ምት ይቀልልሃል።