"የተባለው ሌላ፣ የተሰጠኝ ሌላ"፦ ከግለሰብ ስለሚገዛ ያገለገለ ዕቃ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከድሬዳዋም ከሐረርም የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተቀራራቢ ናቸው። ከግለሰብ ፍሪጅ፣ ስልክ ወይም ባጃጅ ተገዛ፤ ቤት ሲገባ የተባለው ሳይሆን ሌላ ሆኖ ተገኘ። በጥብቅና ሥራዬ የማየው ነገር ቢኖር ሰው የሚሸነፈው መብት ስለሌለው ሳይሆን ዝም ብሎ ቀን ስለሚያሳልፍ ነው። ይሄ በጣም ያናድደኛል። በሉ ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ሳቢያን ካለ ሰው ፍሪጅ ገዛሁ። "ኮምፕሬሰሩ ኦርጅናል ነው፣ ተነክቶ አያውቅም" ብሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ማቀዝቀዝ አቆመ። ባለሙያ ሲያየው ኮምፕሬሰሩ የተቀየረ ነው፣ ጋዙም ያፈሳል። ሻጩ ግን "እንዳለ ነው የሸጥኩልህ፣ አይተህ ነው የገዛኸው" ይላል።

መልስ፦ "እንዳለ" የምትለዋን ቃል ሻጮች እንደ ጋሻ ይዘዋታል። ያን ያህል አታስጥልም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ሻጩ ነጋዴ ባይሆንም ይሄ ግዴታ አለበት። እርግጥ ያገለገለ ዕቃ እንደ አዲስ ይሁንልኝ አይባልም። በሩ ቢላላ፣ ቀለሙ ቢላጥ፣ ድምፁ ትንሽ ቢጨምር፣ ያ በዋጋው ውስጥ ታስቧል። ግን ሻጩ በአፉ "አለው" ያለው ጥራት ከጎደለ በቁጥር 2289 መሠረት ጉድለት ነው። በዚያ ላይ በድሬ ሙቀት የማያቀዝቅዝ ፍሪጅ ቁም ሳጥን ነው፤ ለተገዛበት ሥራ አይውልም።

ተዋዋዮች የሻጩን ዋስትና በስምምነት መቀነስ ወይም ማስቀረት ይችላሉ። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ግን ስምምነቱ አያድነውም (ቁጥር 2297)። ስለዚህ የአንተ ክርክር የሚያርፈው ያውቅ ነበር ወይ የሚለው ላይ ነው። ኮምፕሬሰሩን የቀየረው ማን እንደሆነ ፈልግ። ድሬ ውስጥ የፍሪጅ ሠሪዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። "ለእሱ የቀየርኩለት እኔ ነኝ" የሚል አንድ ባለሙያ ከተገኘ ሻጩ የሚለው ነገር ያጣል። ያየልህ ባለሙያ ደግሞ ያገኘውን በወረቀት ጽፎ ይፈርምልህ። እስከዚያ ድረስ አታሠራው፣ የወጣ ዕቃም አታስጥል። ለሻጩ ዛሬውኑ በጽሑፍ መልእክት ጉድለቱን ዘርዝረህ አሳውቀው።

ጥያቄ፦ ለመክሰስ ስንት ጊዜ አለኝ?

መልስ፦ ዕቃውን እንዳገኘህ መመርመር፣ ጉድለት እንዳየህ ሳትዘገይ ማሳወቅ አለብህ። ካሳወቅክ በኋላ ክሱ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ሻጩ አታሎ ካዘገየህ የተለየ ነው (2298)። ተታልያለሁና ውሉ ይፍረስ የምትል ከሆነ ማታለሉን ካወቅክ በኋላ ሁለት ዓመት አለህ (1810)።

ጥያቄ፦ ወረቀት የለንም። በቃል ነው የተስማማነው፣ ብሩንም በቴሌብር ነው የላክሁት።

መልስ፦ የለኝም አትበይ እህቴ፣ አለሽ። እንደ ፍሪጅና ስልክ ላለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ ሕጉ የጽሑፍ ውል ግዴታ አያደርግም። በምስክር ይረዳል። የቴሌብሩ ማረጋገጫ መክፈልሽን ያሳያል። ማስታወቂያው፣ ፎቶው፣ በቴሌግራም የላከልሽ የድምፅ መልእክት ደግሞ ምን ቃል እንደገባ ያሳያል። ተናደሽ ቻቱን እንዳታጠፊው! ያገናኛችሁ ደላላም ይመሰክራል፤ ኮሚሽኑን የበላው እኮ ሲባል የነበረውን እየሰማ ነው።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ገዛሁ። የ2012 ሞዴል ነው ተብዬ ነበር። ስም ለማዞር ስሄድ ሊብሬው 2009 ይላል። ውሉ ላይም 2009 ነው የተጻፈው፣ ሳላነብ ፈርሜያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ከባድ ነው፤ አልዋሽህም። የሞዴል ዓመት ዋጋ የሚወስን ነገር ነው፣ በቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠንካራ ክስ ይወጣው ነበር። አሁን ግን የፈረምክበት ወረቀት አለ። በጽሑፍ የሰፈረን ቃል በምስክር ማስተባበል ሕጉ አይፈቅድም (2006)። ሻጩም "ሊብሬው እጁ ላይ ነበር" ይልሃል። ትንሽ ተስፋ ያለህ በማታለል በኩል ነው (1704)። ሻጩ በማስታወቂያው 2012 ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ ወይም የተለወጠ ሊብሬ አሳይቶህ ከሆነ፣ ያንን ይዘህ ና፣ እናየዋለን።

ሌላም ነገር ልበል። ግብር ለመቀነስ ብላችሁ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ የምታጽፉ ሰዎች፣ ውሉ ቢፈርስ የሚመለስላችሁ የተጻፈው ብር ነው ተብሎ ክርክር ይነሳባችኋል። የቀረውን መክፈላችሁን በምን ታስረዳላችሁ?

ጥያቄ፦ እኔ ሻጭ ነኝ። ቲቪ ሸጬ ነበር። ከወር በኋላ "ስክሪኑ ተበላሽቷልና ብሬን መልስ" ይለኛል። ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ ጉድለቱ ዕቃውን ስታስረክብ የነበረ መሆን አለበት። ማስረዳት ያለበትም ገዢው ነው። እሱ ቤት ተጥሎ ወይም መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ከተቃጠለ ያንተ ዕዳ አይደለም። ስታስረክበው ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ካለህ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ እዚህ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው አካባቢ መንገድ ላይ ከአንድ ልጅ የገዛሁትን ስልክ ፖሊስ "የተሰረቀ ነው" ብሎ ወሰደብኝ።

መልስ፦ ሻጭ ዕቃውን ሌላ ባለመብት መጥቶ እንዳይነጥቅህም ዋስ ነው (ከ2281 ጀምሮ)። ስለዚህ ብርህን የመጠየቅ መብት አለህ። ችግሩ ልጁን ማግኘቱ ላይ ነው። ፖሊስ ጋ ቃልህን ስትሰጥ የከፈልክበትን ቁጥርና ያየ ሰው ካለ አስመዝግብ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት *#06# ደውላችሁ የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ። ካርቶንም ደረሰኝም የሌለውን፣ ዋጋው የማይታመን ስልክ ተዉት። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ራሱ ያስከስሳል።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ጋ ብከሰው አይሻልም?

መልስ፦ ውሸት ሁሉ ወንጀል አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስጠይቀው ሆን ብሎ አታሎ ጥቅም ያገኘ ሰው ነው። የሌለ ዕቃ ሸጦ ከጠፋ፣ የሞተር ቁጥር ፍቆ ከሸጠ፣ ፖሊስ ጋ ሂዱ። በጉድለቱ ላይ ብቻ የማትስማሙ ከሆነ ግን ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው፤ ፖሊስን ብር አስመላሽ ለማድረግ መሞከር ጊዜ መግደል ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሐረር ጀጎል ነው የምኖረው፣ ሻጩ ድሬ ነው። ዕቃውንም እዚያው ነው የገዛሁት። ሽማግሌ ብልክ ይሻላል ወይስ ልክሰስ?

መልስ፦ እናቴ፣ ክስ ካቀረቡ የሚያቀርቡት ተከሳሹ የሚኖርበት ወይም ውሉ የተደረገበት ቦታ ነው፣ ማለትም ድሬ። መመላለሱ አለ፣ የዳኝነት ክፍያም አለ። ለትንሽ ብር ከሆነ ሽማግሌ ይቅደም እላለሁ። ከአፎቻችሁ፣ ማለትም ከመረዳጃ ማኅበራችሁ፣ የሚከበሩ ሰው ድሬ ዘመድ አያጡም። ሻጩ ተስማምቶ ከታረቃችሁ ግን በወረቀት አድርጉት፣ ስንት ብር በየትኛው ቀን እንደሚመልስ ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ከምስክሮች ጋር ፈርሙ። በሕግ አግባብ የተደረገ ዕርቅ በተዋዋዮቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ያህል ይጸናል (3312)። ሽማግሌ ተልኳል ብለው ግን ለሻጩ ማሳወቁን አያቆዩት። ዛሬ ማታ ልጅዎ መልእክቱን ይጻፍልዎትና ይላኩለት።