የማታውቁትን አትደብቁ

ውድ ወጣቶች፣

ኮድ ጽፌ መኖር ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ድረ ገጾች ሠርቻለሁ፣ የወደቀ ሰርቨር (ድረ ገጹን የሚያስተናግደውን ኮምፒውተር) ሳነሳ አድሬአለሁ፣ ብዙ ጀማሪ ዴቭሎፐሮችን ሥራ አለማምጃለሁ። ከእነዚህ ልጆች መካከል ችሎታ አንሶት ሙያውን የተወ ሰው ብዙም አላስታውስም። አለማወቁን ለመሸፈን ሲል የደከመና ያቆመ ግን ብዙ አይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው።

በራሴ ልጀምር።

ሥራ በያዝኩ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። በአንድ ደንበኛ ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ውስጥ የአንድ ተጠቃሚ አድራሻ ማስተካከል ነበረብኝ። የሁለት ደቂቃ ሥራ። ትእዛዙን ጻፍኩ፤ የትኛው መዝገብ እንደሚቀየር የምትወስነዋን የ"ዌር" መስመር ግን ረሳኋት። "ኢንተር" የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። አንድ መዝገብ ተቀየረ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ አርባ ሺህ ምናምን አለኝ። የሁሉም ሰው አድራሻ አንድ ሆኖ አረፈው። ላብ አጠመቀኝ።

እዚያው ተነስቼ "አበላሽቻለሁ" ብል ኖሮ ጉዳቱ ትንሽ ነበር። አላልኩም። ሰው ሳይሰማ ልጠግነው ብዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻዬን ታገልኩ። ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) አለን ብዬ ፋይሉን ስከፍተው ባዶ ነው። ለወራት ባዶ ፋይል ሲያስቀምጥ በኖረ ስክሪፕት (በራሱ በሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ተማምነን ተኝተን ነበር። እኔ ስታገል ደግሞ ሰዎች መመዝገባቸውን አላቆሙም፤ አዲሱ መረጃ ከተበላሸው ጋር ተደባለቀ። በመጨረሻ ለአለቃዬ ስነግራት "ስንት ሰዓት ላይ ነው የሆነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ስነግራት ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። ያሳዘናት የረሳኋት መስመር አልነበረችም፤ ሁለቱ ሰዓታት ናቸው። ከድሮ ኢሜይሎች አድራሻ እየለቀምን ለማስተካከል ሦስት ቀን ፈጀብን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? የእኛን ሙያ አይቶ የተናገረው ይመስላል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዴቭሎፐሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትን የጊትላብን ድርጅት ነገር ስሰማ ያ ቀን ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ምሽት ላይ አንድ ኢንጂነራቸው ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች አጠፋ። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበራቸው፤ አንዱም በአግባቡ የሚሠራ ሆኖ አልተገኘም። ያተረፋቸው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባው መረጃ ጠፋ። እኔን ያስደነቀኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። የሥራ ማስታወሻቸውን ለሁሉም ክፍት አደረጉት፤ የጥገና ሥራውን በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፉት። እኔ ለአንዲት አለቃ መናገር ከብዶኝ የዋልኩትን ነገር እነሱ በዓለም ፊት አደረጉት።

ድረ ገጽ የምንሠራበት የኮድ ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ራሱ በግልጽ የሚታይ ጉድለት አለበት። ብሬንደን አይክ የመጀመሪያውን ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው በ10 ቀን ነው። "ናል" የተባለውን ባዶ ዋጋ ዓይነቱን ስትጠይቁት እስከ ዛሬ "ኦብጀክት" ነው ብሎ ይመልሳል። ስህተት ነው። ቢታረም ግን በእሱ ላይ የቆሙ ድረ ገጾች ይበላሻሉ ተብሎ እንዲሁ ቀረ። ብዙ ሰው ስለሚያውቀው ግን ያን ያህል አይጎዳም። ከታወቀ ስህተት ጋር መኖር ይቻላል።

አሁን የእናንተ ዘመን ከባድ የሆነው ሁሉም ሰው አዋቂ ሆኖ ስለሚታያችሁ ነው። አንዱ በሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ሙሉ አፕ ሠርቶ ያሳያችኋል። ተሳስቶ ግማሽ ቀን የፈጀበት ቦታ ተቆርጦ ወጥቷል። እናንተ ያንን አይታችሁ "እኔ ብቻ ነኝ የማይገባኝ" ትላላችሁ። እኔ ዛሬም የቀን አጻጻፍ ትእዛዞችን በቃሌ አልያዝኩም፤ ሁልጊዜ ፈልጌ ነው የማገኘው። ይህን ሆን ብዬ ጀማሪዎች አጠገቤ ተቀምጠው እያዩኝ አደርገዋለሁ። ፊታቸው ሲፈታ ይታየኛል።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ደግሞ አለማወቅን መደበቅ ከመቼውም ጊዜ በላይ ቀላል አድርጎታል። እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፤ አትንኩት አልላችሁም። አንድ ነገር ግን አድርጉልኝ። የሰጣችሁን ኮድ ለሌላ ሰው ከማስገባታችሁ በፊት መስመር በመስመር ጮክ ብላችሁ አስረዱት። ምላሳችሁ የሚያዝበት ቦታ ላይ ቁሙ። ጊዜ ካላችሁ እዚያው ተማሩት፤ ከሌላችሁ "ይህች ክፍል አልገባችኝም" ብላችሁ ጽፋችሁ ላኩት። ሥራ ስቀጥር "አላውቅም፤ ግን እንዲህ ብዬ እፈልገዋለሁ" የሚል ሰው ካገኘሁ ሌላውን ጥያቄ ብዙም አላበዛበትም።

መጠየቅም ሥርዓት አለው። ግማሽ ሰዓት ያህል ራሳችሁ ሞክሩ። የስህተት መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መስመር አይቶ ይተወዋል። ከዚያ ምን እንደሞከራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በዚህ መንገድ የጠየቀ ሰው ሲናቅ አላየሁም። ከናቋችሁ ደግሞ ሌላ ሥራ ቦታ መፈለግ ጀምሩ። ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ፤ የሚያፍር ሰው የሚበዛበት ቢሮ ውስጥ ጥሩ ሶፍትዌር አይወጣም።

ደግሞ አለማወቅ አንድ ጊዜ የሚያልፍ ነገር አይደለም። እኔ በወጣትነቴ የፍላሽ፣ ማለትም በድሮ ድረ ገጾች ላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕልና ጨዋታ የሚሠራበት ቴክኖሎጂ፣ ባለሙያ ነበርኩ። ስንት ሌሊት ያነጋሁበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ባለቤቱ አዶቢ ራሱ ድጋፉን አቆመ። ያን ጊዜ እኔ ከብዙ ዓመት በፊት እንደገና ጀማሪ ሆኜ ነበር፤ ከእኔ አሥር ዓመት ከምታንስ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው አዲሱን የተማርኩት።

ያቺ አለቃዬ በአራተኛው ቀን ጠዋት ጠራችኝ። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ነው የሄድኩት። ወንበር ሳበችልኝና በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ባክአፑን ባዶ ሰርቨር ላይ መልሰን የምንፈትሽበትን ዝርዝር አብረን ጻፍን። ይህን ልማድ ከዚያ ወዲህ በሠራሁበት ሁሉ ይዤው ሄጃለሁ። ባለፈው ወር አንዱ ፋይል አልከፈት አለኝ። ለቡድኑ የጻፍኩት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ነው።