ስለ አያትሽ ጠገራ ብሮች፦ እባክሽ እንዳትወለውያቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከአያትሽ አምስት ጠገራ ወርሰሻል፤ ሦስቱ የሴትዮዋ፣ ሁለቱ የአንበሳው። ወርቅ ቤቱ በግራም ልግዛሽ ብሎሻል። የእኔም ታሪክ ቁርጥ ይሄው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

1. የሴትዮዋ ላይ 1780 የሚለውን አይተሽ ብዙ እንዳትጓጊ። ሴትዮዋ ማሪያ ቴሬዛ የምትባል የኦስትሪያ ገዢ ናት፤ የሞተችው በ1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር ሲመታ ሁሉም ላይ ያው ዓመት ነው ያለው። ስለዚህ የአብዛኞቹ ዋጋ የማዕድኑ ዋጋ ነው። አንዱ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም አካባቢ ነው። የዓለም ገበያ ብርን የሚተምነው በአውንስ ነው፣ በ31.1 ግራም ማለት ነው። አንድ ጠገራ የዚያን ሦስት አራተኛ ይይዛል። የዕለቱን ዋጋ ስልክሽ ላይ አይተሽ አስይው።

2. የአንበሳው ግን ሌላ ነገር ነው። ምኒልክ ፓሪስ ያስመቱት ነው፤ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ተጽፏል። ፲፰፻፹፯ ካለ 1887 በእኛ አቆጣጠር ነው። ክብደቱ ከሴትዮዋ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢ ግን ግራም አይገዛም። የአንበሳውን ጋማ፣ የንጉሡን ዘውድ፣ የፊደሉን ጥራት ነው የሚገዛው።

ይህን ሳላውቅ ነው እኔ የተቃጠልኩት። የእኔዎቹ ጠቁረው ነበር። ለገዢ እንዲያምሩ ብዬ በጥርስ ሳሙናና በጨው ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈተግኳቸው። እንደ መስታወት አበሩ! ደስ ብሎኝ ወደ አንድ ወርቅ ቤት ወሰድኳቸው። ሰውዬው አንዱንም ገልበጥ አድርጎ ሳያይ አምስቱን ባንድ ላይ ሚዛን ላይ ጣላቸው። «እነዚህ ለማቅለጥ ነው የሚሆኑት፤ ካልፈለግሽ ውሰጂያቸው» ብሎኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ሰው ፊት ስለሆነ አፈርኩ። ሦስቱን በነገረኝ ዋጋ ሰጥቼው ወጣሁ። ከሦስቱ አንዱ የምኒልክ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የቀረውን የምኒልክ ብር በኋላ ለአንድ ሰብሳቢ አሳየሁት። በማጉያ መነጽር አየና የፈተግኩበትን ጭረት አንድ በአንድ አሳየኝ። «ሳትነኪው ብታመጪው ሦስት እጥፍ እከፍልሽ ነበር» አለኝ። ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም። ዕድሜው ነው፤ እነሱ የሚወዱትም እሱን ነው። አቧራ ካለው ለብ ባለ ውኃ ነክረሽ፣ ሳታሺው፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጊው። ከዚያ በላይ እጅሽን ሰብስቢ።

ሐሰተኛውን መለየትም ተምሬያለሁ። ማግኔት አይበቃም፤ ነሐስም አይሳብም። ግራሙን ከነጥብ በኋላ ጭምር የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን ላይ የውኃ ብርጭቆ አስቀምጪና ዜሮ አድርጊው። ጠገራውን በክር አስረሽ፣ ታቹንና ጎኑን ሳይነካ ውኃው ውስጥ አንጠልጥይው። ሚዛኑ 2.7 ወይም 2.8 ግራም ካነበበ ደህና ነው። ከ3 ካለፈ ጠርጥሪ። የሴትዮዋ ከሆነ ጠርዙንም ዳብሽው፤ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍ አለው። በዚህ መንገድ ለአክስቴ ልጅ ከሰባቱ ሁለት ሐሰተኛ አውጥቼላታለሁ፤ እሷ ገዝታቸው ልትከፍል ነበር!

ለአንገት ጌጥ ተብሎ ጆሮ የተበየደበት ካለሽ የውኃው ቁጥር ይዛባል፤ ለሰብሳቢም ዋጋው ይወርዳል። እሱን በግራም መሸጥ አያስቆጭም። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ልላከው ካልሽ ደግሞ መጀመሪያ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ጠይቂ፤ ኤርፖርት ላይ እንዳትያዢ።

አሁን አምስቱንም በሁለት ፊታቸው ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊልን። የአንበሳዎቹን ዓመት ቀረብ አድርገሽ አንሺው። እስከዚያ ለሰውዬው «አስብበታለሁ» በይው፤ ሁለቱን አንበሳዎች ግን ሚዛኑ ላይ እንዳታሳርፊያቸው።