አንገትዎን አይጎትቱት

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ሲውሉ አንገትዎ እንደሚደርቅ፣ በእጅዎ እየጎተቱ ሊያፍታቱት ቢሞክሩም እንደሚብስበት ጽፈዋል። በመጀመሪያ መጎተቱን ይተዉት። ጡንቻ በኃይል ሲሳብ ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል፤ ግብግብ መግጠም አያዋጣም።

ይልቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም እግርዎን መሬት ያስረግጡ። ራስዎን ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ያዙሩ፤ መወጠር ሲጀምር ያቁሙና ዓይንዎ ግድግዳው ላይ የት እንዳረፈ ልብ ይበሉ። ይመለሱ። አሁን ራስዎ ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይንዎ ብቻ ወደ ግራ ይሂድ። መጀመሪያ ያደናግራል፤ ሳያውቁት ጥርስዎን ነክሰው ትንፋሽዎን ይይዛሉ። ሁለቱንም ይልቀቁ። አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ ከደጋገሙ በኋላ ዓይንና ራስን አብረው ያዙሩ፤ ብዙ ጊዜ ከቀድሞው ምልክት አልፈው ያያሉ። ከራስ ቅል ግርጌ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ከዓይን እንቅስቃሴ ጋር ተቀናጅተው ስለሚሠሩ ነው። ከዚያ በግራ በኩል ይቀጥሉ።

ስለ አቀማመጥ ደግሞ፣ «ደረትህን ነፋ አድርግ» የሚለው ምክር አይጥመኝም፤ አንዱን ውጥረት በሌላ ይተካል። የአዋቂ ሰው ራስ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር የአንገት ሸክም ይጨምራል። ስክሪኑን ወደ ዓይንዎ ከፍታ ማምጣትና በየግማሽ ሰዓቱ መነሳት ይበልጣል።

እጅዎ የሚደነዝዝ ወይም የሚዝል ከሆነ፣ አለዚያም ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ ወይም ከትኩሳት ጋር ከመጣ ግን ይህን ሁሉ ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።