ሥዕልሽን ሳይሆን የተማሪዎችሽን ደብተር ላኪ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ሐዋሳ የምኖር የሥዕል መምህርት ነኝ። ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመርቄ መጀመሪያ በመንግሥት፣ አሁን ደግሞ በግል ትምህርት ቤት ሳስተምር 14 ዓመት ሆነኝ። ዕድሜዬ 38 ነው። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። ውጭ አገር ባሉ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች ለመቀጠር ማመልከት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከሲቪዬ ጋር የዘይት ቀለም ሥራዎቼንና የኤግዚቢሽን ፎቶዎቼን እልካለሁ። አብዛኞቹ መልስ እንኳን አይሰጡም። የምሠራበት ትምህርት ቤት ለቀለም ብዙ በጀት ስለሌለው ልጆቹን በከሰልና ራሳችን ከቀርከሃ በቀረጽነው ብዕር ነው የማሠራቸው። ይሄ ዝቅ አድርጎ ያሳየኛል ብዬ ሲቪዬ ላይ አልጻፍኩትም። ጓደኞቼ ማስተርስ ሳትይዢ በከንቱ አትድከሚ ይሉኛል። እርስዎ ውጭ አስተምረው ስለመጡ ያውቁታል። ምንድን ነው የጎደለኝ?

የሥዕል መምህርቷ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

እህቴ፣ ማስተርሱን ለጊዜው ተይው። ችግሩ እሱ አይደለም። የላክሽልኝን ፋይል አየሁት። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የሚያጸዳው ልጅ፣ ከኋላው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው የዓሣውን አንጀት ሲጠብቁ የሚያሳየውን ሥዕል በጣም ወደድኩት። ግን ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ብገላብጠው አንድም ተማሪ የለበትም። ሠዓሊ መሆንሽን አወቅኩ። መምህርት መሆንሽን የነገረኝ ሲቪሽ ብቻ ነው።

ናይሮቢ ሳስተምር የሥነ ጥበብ ክፍል ኃላፊ ስለነበርኩ በቅጥር ጊዜ ከርዕሰ መምህሯ ጋር እቀመጥ ነበር። አንድ ዓመት ሁለት ሰዎች ለመጨረሻ ቀረቡ። አንደኛው የሚያስቀና እጅ ያለው፣ ሥራው ጋለሪ የሚሰቀል ሰው ነው። ሌላዋ የላከችው በስልክ የተነሳ የአንድ 7ኛ ክፍል ልጅ የመለማመጃ ደብተር ነበር። ተከታታይ አራት ገጽ። በመጀመሪያው ላይ ልጁ ጫማውን ስሏል፤ ጫማው ቁርጥ ድንች ነው። ከጎኑ መምህሯ በእርሳስ «ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ጽፋለች። በሁለተኛው ገጽ ልጁ ጫማውን ትቶ ጥላ ብቻ ደጋግሞ ሞክሯል። ሦስተኛው ተሰርዟል። አራተኛው ላይ ጫማው መሬት ረግጧል። ርዕሰ መምህሯ የሒሳብ ሰው ነበረች፤ ስለ ሥዕል ብዙም አታውቅም። አራቱን ገጽ አይታ ግን «ይቺ ናት» አለች። ተቀጠረችም።

እንዲህ የሆነው ወደው አይደለም። እነዚህ ትምህርት ቤቶች የሥዕል ተማሪን የሚመዝኑት በፖርትፎሊዮ፣ ማለትም በሥራዎቹ ስብስብ ነው። አይ ጂ ሲ ኤስ ኢ የሚባለውን የካምብሪጅ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ብትወስጂ፣ ተማሪው አንድ የዓመት ሥራ ያቀርባል፤ ከሥራው ጋር እዚያ ላይ እንዴት እንደደረሰ የሚያሳይ እስከ 4 ሉህ የኤ2 ወረቀት ያያይዛል። ሌላው ክፍል ከውጭ በሚመጣ ርዕስ ላይ በመምህር ቁጥጥር ለ8 ሰዓት የሚሠራ ነው። ኤ ፒ (አድቫንስድ ፕሌስመንት) በሚባለው የአሜሪካኖቹ የሁለተኛ ደረጃ መርሐ ግብር ደግሞ ተማሪው አንድን ጥያቄ ይዞ የተጓዘበትን መንገድ በ15 ምስል ያሳያል፤ ለብቻው የሚመዘኑ 5 የተመረጡ ሥራዎችም አሉት። ኢንተርናሽናል ባካሎሬት (አይ ቢ) የሚባለው መርሐ ግብርም መንፈሱ ያው ነው። ስለዚህ ቀጣሪው ፋይልሽን ሲከፍት የሚፈልገው ልጅን ከድንቹ ወደ ጫማው ያደረሰ ሰው ነው።

እና አሁን ምን ታደርጊያለሽ? በዚህ ሴሚስተር ሦስት ተማሪ ምረጪ። ጎበዞቹን ብቻ አይደለም፤ አንዱ «እኔ መሳል አልችልም» የሚል ይሁን። አንድን ሥራ ከመጀመሪያ ጭረት እስከ መጨረሻ በየደረጃው አንሺ። በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ቦታ፣ ደብተሩን አንጥፈሽ ከላይ አንሺው። ፍላሽ አታብሪ፤ ያንጸባርቃል። ለእያንዳንዱ ምስል ሁለት መስመር ጻፊ፦ ምን ጠየቅሽው፣ እሱ ምን ለወጠ።

አደራ የምልሽ ግን የልጅ ፊት እንዳይታይ ነው። እኛ አገር መምህር ተማሪዎቹን አቅፎ ተነስቶ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፤ ማንም ምንም አይለውም። እዚያ ግን የልጅ ፊትና ስም ያለ ወላጅ ፈቃድ ፋይልሽ ውስጥ ከታየ የቀረውን ሳያዩ ሊዘጉት ይችላሉ። እጅ ይታይ፣ ብዕር ይታይ፣ ይበቃል። ለሥራዎቹም ቢሆን የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ።

የቀርከሃውን ብዕር መደበቅሽ አናደደኝ። ዕቃ ሞልቶላቸው ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የሱፍ አበባ የሚስሉባቸው ክፍሎች አይቻለሁ። አንቺ ልጆቹን መሣሪያቸውን ራሳቸው እንዲሠሩ አድርገሻል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጊው። በዚያው የምታስተምሪያቸውን ሠዓሊዎችም ጨምሪ። ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ አንቺ በተማርሽበት ትምህርት ቤት ያስተማረውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ከአውሮፓ ሠዓሊ ጎን አስቀምጠሽ የምታወያዪበት አንድ ትምህርት አዘጋጂ። የተለያየ ባህል ሥራዎችን ማነጻጸር እነሱ ጋ ትልቅ ቦታ አለው።

ሲቪሽ ላይ «ክወናና ዕይታ ጥበባት አስተምራለሁ» ብለሽ ብቻ አልፈሻል። ይህን ስም ውጭ ያለ ሰው አያውቀውም። የስንተኛ ክፍል፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ ጻፊ። በአንድ ክፍል 60 ልጅ ይዘሽ ከሆነ ማፈር የለብሽም፤ 18 ልጅ የሚያስተምር ሰው ይደነግጥልሻል።

ከላይ ከጠቀስኳቸው መርሐ ግብሮች አንዱን መርጠሽ እስኪገባሽ አንብቢ። እኔ ብሆን አይ ቢን ነው የምመርጠው። አዲሱ የዲፕሎማ ሥነ ጥበብ ትምህርት መሰጠት የጀመረው በ2025 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያው ምዘናም 2027 ላይ ነው። ነባሮቹ መምህራን ራሳቸው እየተማሩት ነው፤ አንቺ ብቻ ወደኋላ አልቀረሽም።

ወረቀት ላይ እንምጣ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ክብ ማህተም የተመታበት የምስጋና ደብዳቤ እዚያ ብዙም ዋጋ የለውም። እነሱ በቀጥታ ለርዕሰ መምህርሽ ኢሜይል ይጽፋሉ፤ ቅጽ ይልኩለታል። እሱ ደግሞ ኢሜይሉን ከከፈተ የቆየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀድመሽ ንገሪው፣ የትምህርት ቤቱ ኢሜይል መሥራቱን አብራችሁ አረጋግጡ። ልትሄጂ መሆኑን እንዳያውቅ ከፈራሽ ይገባኛል፤ ግን ያለ አሁኑ አለቃሽ ምስክርነት የሚቀጥር ማግኘት ከባድ ነው። የሥራ ልምድሽ ላይ ያሉት ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ከሆኑ የፈረንጁ ጎን ለጎን እንዲጻፍ ጠይቂ፤ አለበለዚያ ከሰባት ዓመት በላይ የጎደለ ታሪክ ይመስላቸዋል። የስምሽ ስፔሊንግ ዲግሪሽና ፓስፖርትሽ ላይ አንድ መሆኑን ዛሬውኑ እዪ። ዲግሪው ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ ወደ ኤምባሲ ስለሚሄድ አንድ ፊደል ወራት ያስበላል። ከወንጀል ነፃ የሚለውን የፖሊስ ማስረጃ ግን ቀድመሽ አታውጪ። የቆየ አይቀበሉም።

ኢንተርቪው ላይ ይህን ጥያቄ ጠብቂ፦ «አንድ ተማሪ ቤት ውስጥ እንደሚደበደብ ቢነግርሽ ምን ታደርጊያለሽ?» የኛ ሰው «ወላጆቹን ጠርቼ እመክራለሁ» ይላል። እዚያ ይሄ መልስ ይጥልሻል። ለልጁ ምስጢሩን እጠብቃለሁ ብለሽ ቃል አትገቢም፤ የነገረሽን በራሱ ቃል ጽፈሽ፣ በዚያው ቀን ለትምህርት ቤቱ የልጆች ደኅንነት ኃላፊ ታሳውቂያለሽ። ራስሽ አትመረምሪም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ በነሐሴ ለሚጀምሩት ዓመት ከጥቅምት እስከ የካቲት ይቀጥራሉ። በግንቦት የሚወጣው አንዳንዴ ሰው ያልተገኘለት፣ አንዳንዴም ሰው የሸሸው ቦታ ነው። ቲቸር ሆራይዘንስና ቴስ የሚባሉት የመምህራን ቅጥር ድረ ገጾች ላይ መምህር በነፃ ይመዘገባል። የሚያስከፍሉም አሉ፤ ፖርትፎሊዮሽ ሳያልቅ ገንዘብሽን አታውጪ።

አሁን የማይጥመውን ልንገርሽ። አንድ ትምህርት ቤት አሥር የሒሳብ መምህር ሲኖረው የሥዕል መምህሩ አንድ ወይም ሁለት ነው። ቦታው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ የማስተማር ፈቃድ ይጠይቃሉ። እንግሊዝ በ2023 እ.ኤ.አ. የመምህርነት ዕውቅናዋን ለተወሰኑ የውጭ አገር መምህራን ስትከፍት ከአፍሪካ ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ነበሩ የገቡት፤ እኛ የለንም። በየኢንተርኔቱ የሚሸጠው ኢንተርናሽናል ፒ ጂ ሲ ኢ የሚባል የመምህርነት ሰርተፍኬትም በራሱ ያንን ዕውቅና አይሰጥም። ሻጮቹ ይህንን ጮክ ብለው አይናገሩም። በዚያ ላይ የማያስተምር ባልና ሁለት ልጅ ማለት ለቀጣሪው አራት ትኬት፣ ሰፋ ያለ ቤት፣ አራት የጤና መድን ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም መምህር የሆኑትን የሚያስቀድሙት ለዚህ ነው። ውል ሲመጣ ከደመወዙ በፊት የልጆችሽ የትምህርት ክፍያ ሙሉ በሙሉ መሸፈኑን፣ ባለቤትሽም በአንቺ ስም የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት መቻሉን ጠይቂ።

ስለዚህ እኔ ብሆን መጀመሪያ አዲስ አበባን እሞክራለሁ። ሳንፎርድ አለ፣ አይ ሲ ኤስ (ኢንተርናሽናል ኮሚኒቲ ስኩል) አለ፣ ሌሎችም አሉ። ሐዋሳን፣ ሐይቁን ትቶ አዲስ አበባ ቤት ኪራይ መግባት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን አንዱ ውስጥ ሁለት ዓመት ከሠራሽ፣ ስምሽን የሚያነሳልሽ ርዕሰ መምህር ናይሮቢና ዶሃ ያሉትን ርዕሰ መምህራን በስም የሚያውቅ ይሆናል። ይሄ ከማስተርስ ይበልጣል።

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እኔ አዳማ ነው ያለሁት፤ የሥዕል መምህር ነኝ። አንድ ሰው ዱባይ ትምህርት ቤት ሥራ እንዳገኘልኝ ነግሮኝ የቅጥር ደብዳቤ አሳየኝ። ለቪዛና ለፕሮሰስ ብር አምጣ እያለኝ ነው። ኢንተርቪው አልተደረገልኝም። ልክፈል?

መልስ፦

አትክፈል ወንድሜ። ሳያናግርህ የሚቀጥርህ ትምህርት ቤት የለም። ልጆች የሚያስረክብህ ተቋም ፊትህን በቪዲዮ ሳያይ፣ አለቃህን ሳይጠይቅ ደብዳቤ አይጽፍም። ለመምህራን ድረ ገጽ መመዝገቢያ መክፈል አንድ ነገር ነው፤ ለሥራው መክፈል ሌላ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ራሱ የመግቢያ ቪዛና የትኬት ወጪን አሠሪው ላይ ነው የጣለው። አንተ የምትችለው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለውን ነው።

ደብዳቤው ላይ ያለውን ኢሜይል እየው፤ በጂሜይል የሚያልቅ ከሆነ እዚያው ተወው። ካልሆነ ትምህርት ቤቱን ራስህ ኢንተርኔት ላይ ፈልገህ ደውልና የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቅ። ስልክ ቁጥሩን ከድረ ገጹ ውሰድ እንጂ ሰውየው ከሰጠህ ወረቀት ላይ አትውሰድ።