ሥጋውን ካልበላሁ ምን ይነካኛል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ዳርቻ 12 አሳማ አረባለሁ። ቀለባቸው የሆቴል ትርፍራፊ ነው። ጋጣው ማንጎ ሥር ነው፤ ዶሮዎቼም እዚያው ይውላሉ። ጎረቤቶቼ «በሽታ ታመጣብናለህ» ይሉኛል። እኔ ግን ሥጋውን አልቀምስም፤ ታዲያ ምን ይነካኛል?

መልስ፦ አለመብላት ብቻውን አያድንም። ከአሳማ የሚመጡት አደገኛ በሽታዎች በእጅ ቁስልና በትንፋሽም ይገባሉ።

መጀመሪያ እጅዎን ይዩ። ስትሬፕቶኮከስ ሱይስ የተባለው ባክቴሪያ ደህና በሚመስል አሳማ ጉሮሮ ውስጥም ይኖራል። በጭረት ከገባ ማጅራት ገትር ያስከትላል፤ ከሞት የተረፈውም ብዙ ጊዜ ጆሮው ይደነቁራል። እ.ኤ.አ. በ2005 በቻይና ሲቿን 215 ሰው ታሞ 38 ሞቷል። አብዛኞቹ የታመመ ወይም የሞተ አሳማ ያረዱና የበለቱ ነበሩ። ስለዚህ የሞተውን ለውሻ ብለው እንኳ አይበልቱ። ጓንት አድርገው ከውኃ ጉድጓድ ርቆ 2 ሜትር ያህል ቆፍረው ይቅበሩት፤ ጥልቀቱ ካነሰ ጅብ ያወጣዋል። በርከት ብለው ከሞቱ ግን ከመቅበርዎ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ጎረቤቶችዎ የሰሙት የአፍሪካ አሳማ ትኩሳትን ከሆነ፣ እሱ አሳማ ይፈጃል እንጂ ሰው አይነካም።

ማንጎውን በተመለከተ፦ እ.ኤ.አ. በ1998 እና 1999 በማሌዥያ የሌሊት ወፍ በልቶ የጣለው ፍሬ ጋጣ ውስጥ እየወደቀ ኒፓ ቫይረስ ወደ አሳማ፣ ከአሳማም ወደ ገበሬዎች ተሻገረ። 265 ሰው ታሞ 105 ሞተ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ አሳማም ተወገደ። ኒፓ እስካሁን በወረርሽኝነት የታየው እስያ ውስጥ ነው። ዛፉን ቁረጡ አንልም፤ ጋጣውን ያርቁ፣ ካልሆነም ቆርቆሮ ያልብሱት።

ዶሮዎቹን ግን ዛሬውኑ ይለዩ። አሳማ የወፍንም የሰውንም ኢንፍሉዌንዛ ይቀበላል፤ ሁለቱ አንድ አካል ውስጥ ሲገናኙ ተዳቅለው አዲስ ዓይነት ሊወጣ ይችላል። እርስዎም ጉንፋን ሲይዝዎ ጋጣ አይግቡ፤ አሳማውም ከሰው ይያዛል።

ለጽዳት 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 እጁን በ9 እጅ ውኃ ይበጥብጡ። ቆሻሻው ተጠርጎ በሳሙና ሳይታጠብ ከረጩት ከንቱ ድካም ነው፤ ቆሻሻው ክሎሪኑን ያደክመዋል። 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ ገንዳውን ከዚያ በኋላ ያለቅልቁ። ብጥብጡ በየቀኑ አዲስ ይሁን። ትርፍራፊውን እያማሰሉ 30 ደቂቃ ያፍሉት፤ ይህ ይበልጥ የሚጠቅመው ለአሳማዎቹ ነው።

ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ወይም የጆሮ መጮህ ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አሳማ እንደሚያረቡ ራስዎ ይናገሩ፤ በጎጃም ይህን ለመጠየቅ የሚያስብ ባለሙያ ጥቂት ነው።