ያጠረው አውሮፕላን ለምን ገዢ አጣ?

ወንድሜ፣ «የኤርባስ ኤ318 እና የቦይንግ 737-600 ትንንሽ ናቸው፣ ነዳጅም ይቆጥባሉ፤ ታዲያ አየር መንገዶች ለምን አልወደዷቸውም?» ብለሃል።

ዋናው ነገር ክብደቱ ነው። ሁለቱም ከመነሻው ትንሽ ተብለው አልተነደፉም፤ የታላላቆቻቸው አካል አጥሮ ነው የተሠሩት። ክንፉ፣ የማረፊያ እግሩ፣ አብዛኛው ነገር የትልቁ ነው። ወንበር ሲቀንስ ክብደቱ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ አብራሪዎቹም ያው ሁለት ናቸው።

እዚህ ጅማ ቡና ስናስጭን ዘወትር የማየው ነው። አይሱዙው ግማሽ ጭነት ይዞ አዲስ አበባ ቢወጣም ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ጎማውም ያው ነው፤ ናፍጣውም በግማሽ አይወርድም። ያ ሁሉ ወጪ ጥቂት ኩንታል ላይ ያርፋል። አየር መንገድም የሚያሰላው ወጪውን ለወንበር አካፍሎ ነው።

ለዚህ ነው ኤ318 80 ብቻ፣ 737-600 ደግሞ 69 ብቻ ተሠርተው የቀሩት፤ የኤ318 ታላላቆች ያሉበት የኤ320 ቤተሰብ ግን በሺዎች ተሸጧል። መቶ ሰው ገደማ ለመጫን የፈለገ ለዚያው ልክ የተነደፈውን ኢምብራየር 190 ይገዛል። ወደኛው አባ ጅፋር አየር ማረፊያ የሚመጣው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው400ም ለአጭር መንገድ ታስቦ የተሠራ ነው።

ኤ318 በእውነት የተሳካለት ልዩ ቦታ ላይ ነው፦ ብሪቲሽ ኤርዌይስ 32 የቢዝነስ ወንበር ብቻ አስገብቶ፣ ማኮብኮቢያው አጭር ከሆነው ለንደን ሲቲ አየር ማረፊያ ወደ ኒው ዮርክ ያበርረው ነበር።